የጠርሙስ ሹራብ

ጠርሙስ አንገት አለው፣ ትከሻም አለው፣
ደረትና ሆድም፤ እጅ ነው ያጣው።
ይህን የተረዳሁ ክር ይዤ ስለካው፣
እንደ ልጅ አቁሜ ወገቡን ሳቅፈው።

ቅዳሜ ማታ ላይ ጀልባው ያበቃል፤
ከባሕሩ በታች ዋሻ ተፈልፍሏል፤
ሰኞ መኪናው ሁሉ በዚያ ይነዳል።
እኛ የፋሮ ሰዎች፣ ከደሴት ደሴት
ስንሻገር የኖርን በማዕበል አናት፣
በዐለት ሆድ ገብተን፣ አምፖል እየቆጠርን፣
በአሥራ አንድ ደቂቃ ትወጣላችሁ አሉን።
ደግ ነው። ሐኪሙ ቀረበን፤ ዳቦውም ሳይበርድ ይገባል።
ሆግኒ ግን? ካፒቴኑ? ሰኞ ጧት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?

ሠላሳ ሁለት ዓመት መሪውን ጨብጦ
ስንቱን ሰው አደረሰ ከጭጋግ አምልጦ።
እኔም ሱኒቫን ሳምጥ፣ በውርጭ ሌሊት፣
የጀልባው ወለል ላይ፣ የዓሣ ሣጥን ጥግ ተጋድሜበት፣
«አይዞሽ፣ ያዢ!» አለኝ፣ «ወደቡ ይታያል!»
አልታየም ነበረ። እኔ ግን አመንኩት፤ ልጄም ታገሠች፤
ወደብ ስንደርስ ነው የተወለደች።

ለዚህ ሰው ምን ይሰጡታል?
ሰዓቱን እንደሆን ማዘጋጃ ቤት አስቧል፤
አበባም እንዳልል፣ ነፋሱ ይበላል።
ማርዩን ጎረቤቴ፣ «አኳቪት ግዢና ሹራብ አልብሺው፤
ስጦታ ራቁቱን ደጅ አይወጣም» አለች። ጀመርኩት፣ ይኸው።

አምስት ቀጫጭን መርፌ፣ ሦስት ልቃቂት።
ቡኒው የበጌ ነው፣ የዚያች አጥር ዘላይ፤
ነጩ ከገበያ፤ ግራጫው ከባሌ አሮጌ ሹራብ ላይ።
መጀመሪያ ሰፋ፤ ሁለት ጠርሙስ ዋጠ።
ተረተርኩት።
ቀጥሎ ጠበበ፤ አንገቱ ላይ ሲደርስ
ራሱ እንደተያዘ ሕፃን ተቁነጠነጠ።
ተረተርኩት ደግሞ። የተተረተረ ክር
ጥምዝምዝ እንዳለ ነው፤ ቢያጥቡት፣ በድንጋይ ቢወጥሩት
የነበረበትን አይረሳም ነገር።
ደረቱ ላይ ጀልባ ልሥራለት ብዬ
ስምንት ዓይን ዘለልኩ፤ ጀልባው ጫማ ሆነ።
«ዳክዬ ናት» አለች ማርዩን፣ መነጽሯን ገፍታ፣ «ታምራለች።»
ተውኳት።
ለቡሹም ቆብ ሠራሁ፣ አናቱ የክር ኳስ፤
ሁለት ቁልፍ ተከልኩ፣ የሚያብለጨልጭ ነሐስ።

ዐርብ ዕለት ባርዱር መጣ፣ ትኬት የሚቆርጠው፣
ዝናቡን ሊያሳልፍ፤ ጠርሙሱን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀው።
«ለሆግኒ ነው?»
«ለሆግኒ።»
«መጠጥ ካቆመ እኮ አራት ዓመት አለፈው።»

አራት ዓመት! በየጧቱ «ደህና አደርክ» እያልኩት፣
ክሩን ዓይን በዓይን ስቆጥር፣ ሰውየውን አላየሁት።

ልብሱን አወለቅሁት። አኳቪቱን ማርዩን
በማርማላታ ብርጭቆ ወሰደች፤ አላንገራገረችም።
ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ሦስቴ፣ በሶዳ አንዴ፣
አሸተትኩ፤ እንደገና፤ እስኪዝል ክንዴ።
ከዚያ በባትሪ ብርሃን ጓሮ ወረድኩና
ሩባርብ ቆረጥኩ፤ ቀዩን ግንድ ከትፌ፣
ስኳር ነስንሼ፣ አፍልቼ፣ አጥልዬ
ሞላሁት ሊነጋጋ ሲል።
ሹራቡ ልክ ሆነ፤
ውስጡ ማን እንዳለ መች ጠየቀ እሱ?

ቅዳሜ ደሴቱ ሁሉ ተሳፈረ፤
አኮርዲዮን ነበረ፤ ጭጋግም ነበረ።
ሆግኒ ጠርሙሱን ሊጨብጠው ፈልጎ
እጁን ፈለገና አጣ።
«ምንድን ነው?» አለኝ፣ ዳክዬዋን እየዳሰሰ በአውራ ጣቱ።
«ሩባርብ።»
ዝም አለ፤ ኮምፓሱ አጠገብ አቆመው፤
ቆቡን አቃናለት፤ ወደ መስኮቱ ዞረ።
ምንም አይታይም ነበረ።
«ወደቡ ይታያል» አለ።

ባርዱር ሲዞር ሲዞር እኛ ጋ ደረሰ፤
ጠርሙሱን አየና ደብተሩን ገለጠ፤
ቁልፉንም፣ ቆቡንም አንድ በአንድ አጣርቶ፣
ግማሽ ዋጋ፣ የልጅ፣ ትኬት ቆረጠለት።